ሳል ይዞ ድብብቆሽ

ይህ ጽሑፍ ዝንጅብል እየቀቀሉ ለሚስሉ ሁሉ፣ በተለይም በሰው ቤት ተቀጥረው ሳላቸውን በትራስ አፍነው ለሚያድሩ እህቶቼ ነው። እኔ ድኛለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን የዳነ ሰው ሁሉ እየጨፈረ የሚወጣ አይምሰላችሁ። ሳሉ ለቆኝ ድካሙ ቀርቷል። አሁንም የምጽፈው ከሰዓት በኋላ፣ ጫት ገብቶ ከተማው ሁሉ ጥላ ውስጥ በተጋደመበት ሰዓት፣ ትንሽ እየጻፍኩ ትንሽ እያረፍኩ ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ፤ የወሎ፣ የሐርቡ ሰው ነኝ። ጅቡቲ የመጣሁት ትልቋ ልጄ ፊደል ስትቆጥር ነበር፤ ዛሬ እሷ ራሷ ፊደል ታስቆጥራለች። ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ተቀምጬ እሠራለሁ። በስም የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ በተግባር ግን ሥራዬ አዬዮ ናቸው። አዬዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። የአሠሪዬ የማዳም እናት ናቸው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም በዚሁ ስም ነው የሚጠራቸው። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አይሠራም፤ ጆሯቸው ግን የጎረቤት ድስት ሲከደን ይሰማል። አንድ ክፍል ውስጥ እሳቸው አልጋ ላይ፣ እኔ ከሥራቸው ፍራሽ ላይ እንተኛለን። አስነሥቼ ውዱእ የማስደርጋቸው፣ የማበላቸው፣ ጸጉራቸውን የማበጥርላቸው እኔ ነኝ። እናቴ ስትሞት ደርሼ አልቀበርኳትም። አዬዮን ባጠብኩ ቁጥር እጄ ማንን እንደሚያጥብ አላህ ያውቃል።

ስለዚህ በሽታው ሲመጣ የፈራሁት ሞትን ብቻ አልነበረም። ከአዬዮ እንዳይለዩኝ ነበር የፈራሁት። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ስኳር እንዳለባት የታወቀ ዕለት፣ ማዳም በጥሩ ቃል "ለጤናሽ ብዬ ነው እህቴ" ብላ ወደ አገሯ ሸኘቻት። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም። ቢሮ ውላ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ሰብስባ፣ እግሯ አብጦ የምትገባ ሴት ናት። የታመመች ሠራተኛ ለእሷ ሌላ አስታማሚ የሚያስፈልጋት ሰው ማለት ናት። እኔን ስትቀጥረኝ "ጤነኛ ነሽ?" ብላ ጠየቀችኝ፤ "ጤነኛ ነኝ" አልኳት። ያኔ እውነት ነበር።

ዕረፍቴ ዓርብ ነው። ዓርብ ዓርብ በሚኒባስ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ባልባላ እወጣና ዋራበሌ በሚባለው መንደር እትዬ ሙሉ ቤት እውላለሁ። እትዬ ሙሉ ከሁላችንም በፊት የመጡ፣ ጉልበታቸውን በሰው ቤት ጨርሰው አሁን ሻይና ሳምቡሳ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የኛ ሰው ሲከፋውም ሲያመውም የሚሰበሰበው እሳቸው ጋ ነው። የደም ግፊት ስላለባቸው መለኪያው አላቸው፤ ክኒናቸውን ደግሞ ልጃቸው ከድሬዳዋ ይልክላቸዋል። ራሴን አሞኝ የሰነበትኩ ጊዜ ክንዴን አስረው ለኩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"አንቺም እንደኔው ነሽ። እንግዲህ የኛ ጡረታ ይሄ ነው" አሉና ከራሳቸው ክኒን ከፍለው ሰጡኝ። "ጠዋት ጠዋት አንድ ዋጪ። ለማዳምሽ እንዳትነግሪ።"

እኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም። መድኃኒት እንደ ጨው እንበዳደራለን። ሐኪም ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ አለብን፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ደግሞ ምን እንዳመመን መናገር አለብን። ስለዚህ ለአንዷ የታዘዘውን ሁላችን እንውጣለን። እውነቱን ለመናገር ራስ ምታቱ ተወኝ። ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ አዬዮ ተመልሰው ጋደም ሲሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እውጣለሁ። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር።

ሳሉ የመጣው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ኮርኮር አደረገኝ። ከዚያ ሳልኩ። ከዚያ መሳል ማቆም አቃተኝ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ንፍጥ የለው፤ ደረቅ ሳል ብቻ። ስናገር ይመጣል፣ ስስቅ ይመጣል፣ ጋደም ስል ደግሞ ይብሳል። ሩኩዕ ወርጄ እስላለሁ፣ ሱጁድ ወርጄ እስላለሁ፣ የትኛው ረከዓ ላይ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ሌላም ነገር አለ፤ ሴቶች ስለማንናገረው ልናገረው። ሦስት ልጅ የወለደች ሴት ሳል ሲጠናባት ሽንቷ ያመልጣታል። በዚያ ሙቀት እንደ ሕፃን ጨርቅ አጣጥፌ ስሠራ ውያለሁ። አፍሬ ለእትዬ ሙሉ እንኳ አልነገርኩም።

ማዳም "ክሊማው ነው" አለች፤ አየር ማቀዝቀዣውን ማለቷ ነው። ከእኔ ፍራሽ በላይ ስለነበር አቅጣጫውን አዞርነው። ሳሉ አልዞረም።

ዋራበሌ ደግሞ ሐኪም ሞልቷል። ገና ደጃፉ ላይ ስስል ሁሉም ከየአገሩ መድኃኒት አወጣ። የጎንደሯ ጦስኝ አፍልተሽ ጠጪ አለች። የወላይታዋ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ በማር ላሺ አለች። የሐረሯ ጥቁር አዝሙድ በባዶ ሆድ አለች። እትዬ ሙሉ ሁሉንም በእጃቸው ዝም አሰኙና ዳማከሴ አስመጡልኝ። ቅጠሉ ከአትክልት ጋር በመኪና ተጭኖ በረሃውን አቋርጦ ሲደርስ ጠውልጎ ነበር። በመዳፋቸው አሽተው ጨመቁት፤ አረንጓዴው ጠብታ ከቅጠሉ ይልቅ ከእትዬ ሙሉ ላብ የወጣ ይመስል ነበር።

"ዋጪው። ይሄ የማያድነው የለም" አሉኝ።

"እርስዎ ለምን ግፊትዎን አላዳኑበትም?"

"ምላስሽ ገና አልታመመም" አሉና ሁሉም ሳቀ። እኔም ስቄ፣ ስቄ ደግሞ ስዬ፣ ወጥቼ ግንብ ተደግፌ ተነፈስኩ።

ከእነዚህ ሁሉ ለጊዜው እፎይ ያሰኘኝ ግን ገበያ ውስጥ የየመን ሰውዬ የሚሸጠው ዒርቅ ሱስ ነው። ጣፋጭ የእንጨት ሥር ነው፤ ዘፍዝፈው ወይም ቀቅለው ይጠጡታል። የሚስል ሰው ሁሉ እሱን ይገዛል። ጉሮሮዬ ላይ እንደ ቅቤ ወረደልኝ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሳሉ ጋብ ይልልኛል፣ ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ እጠጣለሁ። ትልቅ ማሰሮ እየቀቀልኩ እንደ ውሃ እጠጣው ጀመር። የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ምን ያደርገኛል አልኩ።

ማዳም መጀመሪያ ኩባያዬን ለየች። አንድ ቀን ኩባያዬ ሌላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀጥሎ ሳህኔ ተለየ። ቀጥሎ ፍራሼን ከአዬዮ ክፍል አውጥታ ዕቃ ቤት፣ ከሩዝ ጆንያው አጠገብ አነጠፈችው። "እስክትመረመሪ ነው፤ አዬዮ ትልቅ ሰው ናቸው" አለች። ሳንባ ነቀርሳን፣ ቲቢን ነበር የፈራችው። እኔም እሱኑ ፈርቼ ነበርና ልፈርድባት አልችልም። አዬዮ ግን አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው በሶማልኛ "ማን ነው የሄደው? ምን ወሰዳችሁ?" ሲሉ ሰምቼ ሩዝ ጆንያው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ማዳም ራሷ ክሊኒክ ይዛኝ ሄደች። ስለ ክሊኒኩ ወረፋ ምን ልበላችሁ። አንድ ነፋስ ማራገቢያ ለመላው ሕዝብ ይዞራል፤ ወደ እኛ ሲደርስ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ በሳልኩ ቁጥር ወንበሩ በግራና በቀኝ ይለቀቃል። አንዲት ልጅ ያዘለች የአፋር ሴት ብቻ ከአጠገቤ አልተነሣችም፤ የጠጣችበትን የውሃ ጠርሙስ አፉን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። ቋንቋ አልነበረንም። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ በዱዓዬ አነሳታለሁ።

ዶክተሩ በፈረንሳይኛ ይጠይቃል፣ ማዳም በሶማልኛ ትነግረኛለች፣ እኔ በተሰባበረ ሶማልኛ እመልሳለሁ። ከመቼ ጀምሮ? ደም አለው? ክብደት ቀንሰሻል? ላብ ያጠምቅሻል? እዚህ አገር ማን በላብ የማይጠመቅ አለ። በመጨረሻም ማዳም ወደ እኔ ዞረችና "ዳዎ፣ መድኃኒት የምትወስጂው አለ ወይ ይላል" አለችኝ።

ዓይኗን አየሁት። ስኳር የነበረባትን ልጅ አስታወስኩ። ግፊት አለብኝ ብል ዛሬ ማታ የት እንደማድር አሰብኩ።

"ማያ" አልኩ። በሶማልኛ የለም ማለት ነው።

ትንሽ ቃል ናት። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ግን ከእሷ ተወለደ። ራጅ ተነሣሁ፤ ሳንባዬ ንጹህ ነው ተባለ። አክታ አምጪ ተብዬ ብልቃጥ ተሰጠኝ። ደረቅ ሳል አክታ ከየት ያመጣል? ደጅ ወጥቼ አንጀቴ እስኪንጠለጠል ሳልኩ፤ የወጣው ምራቅ ብቻ ነበር። ነርሷ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥታ አይታ "ይሄ ምራቅ ነው" አለችኝ፤ ሌላ ቀን ተመልሼ እንደምንም ያገኘሁትን ሰጠሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ዕቃ ቤት ስጠብቅ የነበረውን ፍርሃት አልረሳውም። የሌለብኝን በሽታ ልጆቼ ሲሰሙት፣ ሬሳዬ በምን ተጭኖ እንደሚሄድ፣ ሁሉንም አስቤ ጨርሼ ነበር። ነቀርሳ የለም ተባለ። ማዳም እፎይ አለች፤ ሳሉ ግን ስላልቆመ ፍራሼ እዚያው ቀረ።

ከዚያማ ከሐኪም ሐኪም መዞር ጀመርን። አንዱ ሐኪም ብሮንካይት ነው ብሎ ፀረ ተዋሲያን ሰጠኝ። ሌላው አለርጂ ነው አለና ከምንጣፍና ከአቧራ ራቂ አለኝ፤ የቤት ሠራተኛ ከአቧራ ወዴት እንደምትርቅ አልነገረኝም። ሦስተኛው የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ እየወጣ ነው አለና በርበሬና ሻይ ከለከለኝ። ሁሉም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ ማዳም ያንኑ ተረጎመች፤ እኔም ያንኑ "ማያ" መለስኩ። እውነቱን የነገርኳቸው ስለ ሳሌ ብቻ ነው። የሐኪሞቹ ስህተት አልነበረም፤ ግማሹን ደብቄ ግማሹን ፈልጉ እንዳልኳቸው የገባኝ በኋላ ነው። አገራችን "ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት" ይላል። እኔ ሳል ይዤ ድብብቆሽ ነበር የምጫወተው።

ያ ሰሞን ራስ ምታቱ ተመለሰ። እግሬ አበጠ፤ ጉልበቴ ሰነፈ። እትዬ ሙሉ ለኩኝና ግፊቱ ከቀድሞው በልጦ አገኙት። ሁለት አድርጊው አሉኝ። ሁለት አደረግሁት። ሳሉ ባሰ። ሳሉ ሲብስ ዒርቅ ሱሱን ጨመርኩ። ዒርቅ ሱሱ ሲጨመር ግፊቱ ጨመረ። ይህን ሁሉ አሁን ነው የማውቀው፤ ያኔማ አላህ የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። ለሞት እንኳ ጉልበት ያጣሁ ሰው ሆንኩ። ልጄ ስትደውል ድምፄን እንዳትሰማ "መስመሩ አይሰማም" እያልኩ እዘጋባት ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ ከጣሪያ አውርጄ ስመለስ ጉልበቴ ከዳኝና ከደረጃው ተንከባለልኩ። ቤት ውስጥ የነበርነው አዬዮና እኔ ብቻ ነን። አዬዮ በዳበሳ ግድግዳውን ይዘው መጥተው አገኙኝ። ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ደም እንዳለ አሽተቱ፣ ከዚያ በር ከፍተው ሰፈሩን በጩኸት ሰበሰቡት። ማዳም ከቢሮ በርራ ደረሰች። መኪና ውስጥ ስታስገባኝ አዬዮ "እኔም እሄዳለሁ" አሉ። "እናቴ፣ አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻቸው። "እሄዳለሁ ብያለሁ!" አሉና በሩን ይዘው ቆሙ።

የሄድነው ከዚያ በፊት ወዳልሄድንበት ሐኪም ቤት ነው። ማዳም ልጆቹን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ጥላን ሄደች። ስለዚህ ያን ዕለት ከዶክተሯ ፊት የቀረብነው አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊትና አንዲት ሳል ብቻ ነበርን።

ዶክተሯ ሻሽ ያሰረች ቀጭን ወጣት ናት። በሶማልኛ ጀመረችልኝ፤ ስመልስላት ፈገግ አለች።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ? በአማርኛ አውሪኛ! እናቴ የድሬ ልጅ ናት።"

የድሬዳዋ ሰው አንቱታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ማቅረብ ነው። በቋንቋዬ "የት ላይ ነው የሚያምሽ?" ብሎ የጠየቀኝ ሐኪም ስላልነበረ እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ግፊቴን ለክታ ፊቷ ተቀየረ። ደም አስቀድታ ውጤቱ እስኪመጣ ጠየቀችኝ። ዝንጅብሉን፣ ዳማከሴውን፣ ዒርቅ ሱሱን ነገርኳት። "ከሐኪም ቤት መድኃኒትስ? የግፊት ክኒን ትወስጃለሽ?" አለችኝ።

ማዳም አልነበረችም። ቋንቋው የራሴ ነበር። ሆኖም ምላሴ ለምዶት "አልወስድም" አለ። ውሸት ሲደጋገም እንዲህ ነው፤ የፈራሽው ሰው ከሄደም በኋላ ራሱ ይወጣል።

አዬዮ በትራቸውን መሬት አስነኩ። "ምን ጠየቅሻት?" አሏት ዶክተሯን። ዶክተሯ ነገረቻቸው።

"ማያ ብላሻለች?"

"ብላለች።"

"ዋሽታሻለች" አሉ አዬዮ፣ ያለ አንዳች ቁጣ። "ከሱብሒ በኋላ የተኛሁ ይመስላታል። ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ቀጭን ነገር ቀጭ ታደርጋለች። ውሃ ትውጣለች። ሁልጊዜ ነው፣ ወላሂ። ሳሉ የመጣው ያ ቀጭታ ከመጣ በኋላ ነው። ዓይን የለኝም እንጂ ጆሮ አለኝ።" ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱና ባዶ የክኒን እሽግ አወጡ። ፍራሼ ሲነሣ ከሥሩ ወድቆ በእግራቸው ረግጠው ያገኙት ነው። "የሚያነብልኝ አጥቼ ይዤው ነበር። ለልጄ ባሳየው ትሸኛታለች ብዬ ፈራሁ።"

ለካ የምደበቀው ከሚደብቀኝ ሰው ነበር። ሐፍረትና ደስታ አንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የአዬዮን ጉልበት ይዤ አለቀስኩ፣ ሳልኩ፣ ደግሞ አለቀስኩ።

ዶክተሯ እሽጉን አገላብጣ አነበበችና ወንበሯ ላይ ደገፍ አለች። "ኢናላፕሪል" አለች። "ይሄ ክፉ መድኃኒት አይደለም፤ ብዙ ሰው አትርፏል። ግን ከሚወስዱት ሰዎች አንዳንዶቹን እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያስይዛል። አንዱን ይነካል፣ ሌላውን አይነካም። ለሰጠችሽ ሴት ተስማምቷት ይሆናል፤ ላንቺ አልሆነም። ለምን እንደሆነ ጠይቆ መድኃኒቱን የሚቀይር ሐኪም ነው፤ ጎረቤት አይደለም።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ዝንጅብል ምን በላው?"

ሳቀች። "ዝንጅብሉ ምን ያድርግ? ጠዋት ሳሉን ትውጪዋለሽ፣ ማታ በዝንጅብል ታባርሪዋለሽ።"

እዚያው እያለን አንድ በአንድ ጠየቅኳት፤ ዋራበሌ ስመለስ ፍርድ እንደምጠየቅ አውቃለሁና። ማር ጉሮሮ እንደሚያለሰልስና በጉንፋን ሳል ላይ ተፈትኖ ጥቂት እንደሚረዳ መታየቱን ነገረችኝ፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም እንዳይሰጥ አስጠነቀቀችኝ። የጦስኝ ዘመድ ከሆነው የፈረንጅ ተክል የሚሠራ ሽሮፕ ለጉንፋን ሳል ደህና ማስረጃ አለው አለች፤ የኛው የደጋው ጦስኝ ግን በሚስል ሰው ላይ በቅጡ አልተፈተነም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በላቦራቶሪ ብዙ ተወርቶላቸዋል፣ በሰው ላይ የታየው ትንሽ ነው፤ በምግብ መጠን ግን አብዛኛውን ሰው አይጎዱም። ጥቁር አዝሙድም ለአስም ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቷል፣ ገና ነው አለች። "ዳማከሴስ?" አልኳት፣ እትዬ ሙሉን እያሰብኩ።

"ትኩሳትና ሕመም ያስታግሥ እንደሆነ በአይጥ ላይ ተሞክሯል። ለሳል፣ በሰው ላይ፣ ይሠራል ብዬ የምነግርሽ ነገር የለኝም። አይሠራምም አልልሽም። አልታወቀም ነው የምልሽ።"

ይህን መልሷን ወደድኩት። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው ሰልችቶኝ ነበር።

ዒርቅ ሱስ ላይ ስንደርስ ግን ሳቋ ጠፋ። ምን ያህል እንደምጠጣ ስነግራት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ያ ጣፋጭ ሥር ሲበዛ ግፊት ይጨምራል፣ ሰውነት ያሳብጣል፣ ጡንቻ የሚሠራበትን ፖታሲየም የሚባል ጨው ከደም ያስወጣል። የደም ውጤቴም ሲመጣ ያው ጨው ጎድሎ ተገኘ። ጉልበቴ ደረጃው ላይ የከዳኝ ለዚህ ነበር። ግፊት ላለበት ሰው መርዝ እንደሆነ የየመኑ ሰውዬ አልነገረኝም፤ እኔም ግፊት እንዳለብኝ አልነገርኩትም።

የጎደለው ጨው እስኪሞላ ክትትል አደረጉልኝ። ዒርቅ ሱሱን ከዕለቱ ጀምሮ ተውኩ። ክኒኑን ግን ዶክተሯ ናት የቀየረችልኝ። ይህን አስምሩበት፦ ሳል አለብኝ ብላችሁ የግፊት ክኒናችሁን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ግፊት ዝም ብሎ የሚገድል ነገር ነው፤ ሂዱና ሐኪሙ ይቀይርላችሁ።

ማዳም ልጆቹን ቤት አድርሳ መጥታ ወሰደችን። ማዳም መብራት ላይ ስትቆም አዬዮ ከኋላ ወንበር ተናገሩ። "ሰዓዳ ግፊት አለባት። እኔም አለብኝ። አንቺም ይመጣብሻል።" መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጥሩምባ ሲነፋ ነው ማዳም የነቃችው።

ማታ ዕቃ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። የቢሮ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያቺን ስኳር የነበረባትን አስቤ።"

የበሩን መቃን ደገፍ አለች። "ደህና ናት? ትደውልልሻለች?"

"አላውቅም ማዳም።"

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ጫማዋን አውልቃ ገባችና የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዘች። "ያዢው" አለችኝ። ሁለታችን ተሸክመን ወደ አዬዮ ክፍል መለስነው። ይቅርታ አልተባባልንም። ከዚያ ወዲህ ለክትትል ስንሄድ ግን የዶክተሯ በር ላይ ስንደርስ "እኔ ውጭ እጠብቃለሁ" ትላለች። ከተሰጠኝ መድኃኒት ሁሉ ይቺን አስበልጣለሁ።

ሳሉ ወዲያው አልቆመም። ዶክተሯ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚፈጅ ነግራኛለች፤ ቢሆንም ተስፋ የቆረጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ቀስ እያለ ሳሳ። አንድ ቀን ሶላት ጨርሼ አሰላምቼ ስነሣ አንዴም እንዳልሳልኩ አስተዋልኩ። ተመልሼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። አልመጣም።

እትዬ ሙሉ ሲሰሙ "ገድዬሽ ነበር እንዴ?" ብለው ደረታቸውን መቱ። አላደረጉም አልኳቸው፤ በደግነት ነው የሰጡኝ። እሳቸው ያንኑ ክኒን እየዋጡ አንድ ቀን ስለው አያውቁም፤ ለዚህ ነው ማንም ያልጠረጠረው። አሁን ዓርብ ዓርብ ክንዳችንን ይለካሉ፤ ከፍ ያለባትን ሴት ግን ክኒን ቆርሰው አይሰጧትም፣ "ተነሺ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ" ይሏታል። ለማዳሟ የምትናገርላት ሲጠፋ እኔ እሄዳለሁ። ሳል ከሳምንታት ያለፈባችሁ፣ ደም ያያችሁ፣ የከሳችሁ፣ ቶሎ ተመርመሩ። ስትመረመሩም የምትውጡትንም የምትቀቅሉትንም ሁሉ ተናገሩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬያለሁ፤ የተረዳሁት ዘንድሮ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሳሉ ከለቀቀኝ በኋላ አዬዮ ከቀን እንቅልፋቸው እየባነኑ ይጣሩ ጀመር። "ሰዓዳ! ሰዓዳ!" ይላሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት አለ። ሮጬ ስገባ እጄን ይይዛሉ። ምን ሆኑ ስላቸው፣ ቀድሞ በሳሌ ኩሽና መሆኔን፣ ጣሪያ ላይ መሆኔን፣ ዕቃ ቤት መሆኔን ያውቁ እንደነበር ነገሩኝ። "አሁን ዝም አልሽ። ዝም ስትዪ የሸኙሽ ይመስለኛል" አሉኝ።

ዶክተሯ ብትሰማ ትስቅብኝ ይሆናል። አሁን ከሰዓት በኋላ በበራቸው ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ፣ ሆን ብዬ አንዴ እስላለሁ። "ሃ" ይላሉ አዬዮ ከውስጥ፣ አዎ ለማለት፤ ጎናቸውን ቀይረው ይተኛሉ።